ሞተር የሚጠፋበት ቁልቁለት

ቅዳሜ ረፋድ፣ ደብረ ብርሃን፣ ሞተር ሳይክል ጥገና ቤት፤ መካኒኩ ጋሽ ጌጡ የኋላ ጎማ ፈተው ተንበርክከዋል፤ የመሬት ቀያሹ በሱፈቃድ የጉዞ ፕላኑን ይዞ አጠገባቸው ቆሟል።

በሱፈቃድ፦ ሲጢጥ የሚለውን ያጥፉልኝ አልኩ እንጂ ጎማውን ይፍቱት አልኩ፣ ጋሽ ጌጡ?

ጌጡ፦ ምን እንደሚጮህ ሳላይ እንዴት ላጥፋው? ዘይት ልቀባልህ?

በሱፈቃድ፦ ጓደኞቼ እኮ ቀድመውኛል! ሦስት ሞተር ናቸው፤ እህቴ ትርንጎ ናት የምትመራቸው። አንኮበር ላይ አርፈው አምስት ሰዓት ሲሆን ወደ አልዩ አምባ ይወርዳሉ። ዛሬ እዚያ አድረን ነገ እንመለሳለን። ይኸው፣ ሁሉም ተጽፏል።

ጌጡ፦ በየደቂቃው! ውሃ ሽንት የሚሸኑበትን ብቻ ረስተሃል።

በሱፈቃድ፦ እሱም አለ። ሦስት ተኩል ላይ።

ጌጡ፦ ጎንበስ በል እስቲ። ይሄ የፍሬን ሸራ ነው። ዳስሰው።

በሱፈቃድ፦ ለስላሳ ነው።

ጌጡ፦ እንደ ብርጭቆ። ሻካራ ነበር መሆን ያለበት። አሽትተው ደግሞ።

በሱፈቃድ፦ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

ጌጡ፦ በእጄ ከቀየርኩት ወር አልሞላውም። ምን አድርገኸው ነው?

በሱፈቃድ፦ ምንም።

ጌጡ፦ አንተ መሬት ስትለካ አንዲት ስንዝር አታሳልፍም ይሉሃል። እኔም ሸራ ሳይ እንደዚያው ነኝ። ቁልቁለት ላይ ሞተር ታጠፋለህ።

በሱፈቃድ፦ ቤንዚን ልቆጥብ መስሎዎት? ለጸጥታው ነው። ያ መንገድ ጭር ያለ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ጭላዳው፣ ወፉ፣ ሁሉም ይሰማል። የቡድናችን ልማድ ነው፤ እኔ ነኝ ያስጀመርኳቸው።

ጌጡ፦ ቁልቁለት ላይ የሚይዝህ ማርሹ ነበር። አንተ ማርሹን አውጥተህ ያን ሁሉ ክብደት ለዚህች ቁራጭ አሸከምካት። ሌሎቹስ?

በሱፈቃድ፦ ያው እንደ እኔ። አራት ቅዳሜ ሙሉ።

ጌጡ፦ ሞተራቸውን ማን አይቶላቸዋል?

በሱፈቃድ፦ ማንም። የጮኸው የእኔ ብቻ ነው።

ጌጡ፦ ያንተስ ጮኾ ነገረህ። ሳይጮህ የሚከዳም አለ።

በሱፈቃድ፦ አያስፈራሩኝ እንጂ! ትርንጎ እንደሁ ከእኔ የበለጠ ጠንቃቃ ናት።

ጌጡ፦ ጠንቃቃ ከሆነች የጻፍክላትን ነዋ የምትፈጽመው። መነጽሬን አላደረግኩም፤ የአምስት ሰዓቱን አንብብልኝ።

በሱፈቃድ፦ «ሁሉም ሞተር ያጠፋል። መሪዋ ከፊት፣ የቀሩት ተከትለው።»

ጌጡ፦ ከኋላ የሚከተለውን ሰው ፍሬኑ እምቢ ቢለው ማን ላይ ነው የሚያርፈው?

በሱፈቃድ፦ … ስንት ሰዓት ነው?

ጌጡ፦ ለአምስት አምስት ጉዳይ።

በሱፈቃድ፦ ጎማውን ይመልሱልኝ! ልድረስባቸው!

ጌጡ፦ በዚህ ፍሬን? አንኮበር በአምስት ደቂቃ? ሰውዬ፣ ደውል!

በሱፈቃድ፦ እየጠራ ነው… ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አላት፣ ታነሳለች… አነሳች! ትርንጎ! እንዳትነሱ! ሰማሽኝ? እዚያው ቆዩ!

ጌጡ፦ ምን አለች?

በሱፈቃድ፦ «ቀደም ብለን ደረስን፣ ቀደም ብለን ጀመርን» ትላለች። ትስቃለች… ጋሽ ጌጡ፣ የሞተር ድምፅ የለም። ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማኝ።