በአያት ጆሮ ያደረ መዥገር

ጥር የክረምት ወር በሆነበት አገር፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን፣ ሽማግሌው ቺሬንጄ ላሞቻቸውን ከብት በመዥገር መድኃኒት ከሚነከርበት ገንዳ እየነዱ ሲመለሱ ከእህታቸው ልጅ ከኛራድዞ ጋር መንገድ ላይ ተገጣጠሙ። ኛራድዞ የከብት ሕክምና ተምራ ከተማ የተቀጠረች ናት። እናቷ ሴካይ ግን ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በወንድማቸው በቺሬንጄ ግቢ ይኖራሉ፤ አሁን ሐኪም ቤት ተኝተዋል።

"እንደምን ዋሉ አጎቴ?" አለች፤ ፊቷ ግን ሰላምታ አይመስልም።

"ደህና። እህቴስ? መቼ ትመጣልኛለች?"

"ይሻላታል። እዚህ ግን አትመጣም።"

ቺሬንጄ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ምን አልሽ?"

"እናቴን የጣላት የእርስዎ ግቢ መዥገር ነው። ብብቷ ሥር የነከሳት ቦታ ከስሎ አየሁት። በትኩሳት ስትቃዥ እርስዎ ምን አደረጉላት?"

"ሰው በክፉ ዓይን አይቷት ይሆናል ብዬ አዋቂ አስጠየቅሁ።"

"አዋቂ!" ኛራድዞ ላሞቹን አየት አየት አደረገችና "ኮርማው የታለ?" አለች።

"አያትማ ገንዳ አይገቡም" አሉ ሽማግሌው ኮራ ብለው።

ያ ቀይ ኮርማ የሟቹን አያታቸውን ስም የወረሰ፣ መንፈሳቸውም ያደረበት የሚባል ነው። አይሸጥም፣ ዱላ አያርፍበትም። ማድ ቤቱ ጥግ ያድራል፤ የሚተኛበት ሣርም "የአያት መኝታ ነው" ተብሎ ማጭድ አይነካውም። ቺሬንጄ ጧት ጧት አጠገቡ ተንበርክከው፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ ይለምኑታል።

በዚያ አገር የእህት ልጅ አጎቷን ብትዘልፍ አይፈረድባትም፤ ወግ ነው። የዚያን ቀኑ ግን የወግ ቀልድ አልነበረም። አንቱታውም እዚያው መንገድ ላይ ቀረ።

"አንተ ሰውዬ! ላሞቹን ሁሉ ነክረህ ኮርማውን ደጃፍህ ካሳደርክ ምን ሠራህ? መዥገሩ ደሙን ጠጥቶ ይወርዳል፣ ሣርህ ውስጥ ይፈለፍላል፣ ከዚያ ላምህም ላይ እናቴም ላይ ይወጣል። ያቺ የቀበርካት ጊደርስ በምን የሞተች መሰለህ?"

"አፍሽን ያዢ! አባቶቼን በመርዝ አላጥብም! ተቆጥተው ቤቴን ቢያጠፉትስ?"

"እየጠፋ አይደል እንዴ!"

እንዲህ እየተመላለሱ ግቢ ደረሱ። ኮርማው ሣሩ ላይ ተኝቶ ያመሰኳል። ኛራድዞ ቀጥ ብላ ሄዳ ጆሮውን ገልብጣ ያዘች።

"እጅሽን አንሺ!" ብለው ጮኹ ቺሬንጄ፤ ቀርበውም ወደ ጆሮው አዩ። የጆሮው ውስጥ እንደ ጉሎ ፍሬ ባበጡ መዥገሮች ጢም ብሎ ሞልቷል። ከሥራቸው ደምና መግል ይወርዳል።

"ጧት ጧት የምትለምነው በዚህ ጆሮ ነው? 'እህቴን አድኑልኝ' ያልከው በዚህ በኩል ሊገባ ነው? አያትህ ጆሮው ተደፍኗል፣ አጎቴ! ሰው የገዛ አባቱን ያስበላል?"

ሽማግሌው በንዴት ጦፉ። በልጅቷ ነው ብለው ነበር፤ ኋላ ግን በራሳቸው መሆኑን አወቁት፤ ያ ደግሞ ባሰባቸው።

"መርዙን በጀርባቸው ላይ እንዴት ላፍስስ?" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"በአባቶች በዓል ጀርባው ላይ የዳጉሳ ጠላ ታፈስሱበት የለም? ሰውነቱን ካራገፈ ተቀበለ ትላላችሁ። መድኃኒቱንም አፍስስና እይ።"

"ባያራግፍስ?"

"ያን ጊዜ እኔን ከዚህ ግቢ አባርረኝ።"

በማግስቱ ቺሬንጄ መድኃኒቱን በገዛ እጃቸው ረጩ። ቀዝቃዛው ውኃ አከርካሪው ላይ ሲደርስ ኮርማው ሰውነቱን ክፉኛ አራገፈ፤ ኛራድዞ ጎትታ ባታርቃቸው ኖሮ መድኃኒቱ ፊታቸው ላይ ይረጭ ነበር። "አያት ተቀብለዋል!" ብለው ጮኹ ቺሬንጄ። ከዚያ ማጭድ አንስተው ያን የተከበረ ሣር እየተሳደቡ ከሥሩ አጨዱት። ለኮርማውም ከቤቱ ራቅ ያለ በረት ሠሩለት።

ጎረቤታቸው መጀመሪያ ሳቀ። የራሱ በሬዎች ሲወድቁ ግን ማጭዱን ሊዋስ መጣ። ቺሬንጄም ከማጭዱ ጋር የኛራድዞን ምክር ጨመሩለት፤ "ዝናቡ እስኪያልፍ ከብትህን በየሳምንቱ ንከር፣ አንዱንም አታስቀር። ውሻህን አትርሳ። ልጆችህን ማታ ማታ ብብታቸውን፣ ብሽሽታቸውን፣ ከጆሯቸው ኋላ እይ። የተጣበቀ ካገኘህ በወረንጦ ከቆዳው ጠጋ ብለህ ቀጥ አድርገህ ንቀል፤ በእሳት አትለብልብ፣ ጋዝም አትቀባ።" በዚያ ክረምት ከበረታቸው ሌላ ጊደር አልተቀበረም።

ሴካይም መጡ። ከልጃቸው ጋር በሩ ላይ ቆመው የተላጨውን ግቢ ተመለከቱ። "ወንድሜ፣ አያትን ከደጃፍ አባረርካቸው?" አሉ ደንግጠው።

"እንዲሰሙኝ ነው" አሉ ቺሬንጄ። ወደ በረቱ ሄደው የኮርማውን ጆሮ ገልጠው አዩ፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ተንበርክከው፣ እጃቸውን አጨብጭበው፣ እህታቸው እየሰሙ አመሰገኑ።

"አሁን ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ሳድዛችንን እንብላ፣ አጎቴ፤ እርስዎም ደክሞዎታል" አለች ኛራድዞ።