እንግዳው ጽጌረዳ

ከሆሳዕና ወደ ፎንቆ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ወሬ ጀመሩ። ሁለቱም ለሰርግና ለምርቃት የሚሆን ጽጌረዳ የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሽማግሌ፣ አንዷ ጎልማሳ ሴት።

«እኔ ዛሬ ቤቴ እንደገባሁ የድሮውን ዝርያ ነው የምነቅለው» አሉ ሽማግሌው።

«ለምን፣ ጋሼ?»

«አዲሱ እጥፍ አበበ። በዓይኔ አየሁት።»

«እኔ ግን አላምንም።»

«ምኑን ነው የማታምኚው? ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው የተከልኳቸው።»

«ውሃስ?»

«እኩል፣ በአንድ ባልዲ።»

«የት ተከሏቸው?»

«አዲሱን ጓሮ፣ እንሰቱ አጠገብ።»

«የከብቱ ፍግ የሚደፋበት?»

«አዎ።»

«የድሮውንስ?»

«ከታች፣ ባህር ዛፉ ጥግ።»

«ባህር ዛፍ ስር ደግሞ ምን ይበቅላል? ይሄ ተንኮል አለበት! ቦታውን የመረጠልዎ ችግኙን ያመጣው ሰውዬ ነው፣ አይደል?»

«ኧረ እኔው ነኝ።»

«እርስዎ?»

«ታዲያስ! ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳ በር ላይ ይቀመጣል እንዴ?»



«እኛ ሰፈርም ሁሉም አዲሱን ጓሮ ነው የተከለው» አለች። «ውጤቱን ሊመዘግብ ከግብርና ቢሮ ለመጣው ሰው ነገሩት?»

«አበባውን ቆጥሮ ሄደ። ስለ መሬቱ የጠየቀኝ የለም።»

ጭኔ ላይ የነበረውን፣ «የድሮው ዝርያ ተነቅሎ በአዲሱ ይተካ» ብዬ ከመዝጋቢዎቹ ቆጠራ ተነስቼ የጻፍኩበትን የቢሮ ሪፖርት ቀስ ብዬ ጽሑፉን ወደ ታች ገለበጥኩት።