ወንዝ የለበሰው ብርድ ልብስ

በሐምሌ አንድ ቀን ከጀውሃ ከተማ ወደ ሰፈሬ ስመለስ ባጃጁ አስፋልቱ ዳር አወረደኝ። የሮቢን ወንዝ ይዤ በእግሬ ስሄድ ጋሼ ጀይላንን አገኘኋቸው፤ ሰፈርተኛው ካቻምና ጎርፍ እንዲያግድለት በጉልበቱ የሠራውን የአፈር ክትር በአካፋ ይሸነቁራሉ። አህያቸው ጉብታው ላይ ከግራር ታስራ በትዝብት የምታያቸው ትመስላለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሼ ጀይላን! ምን እየሠሩ ነው?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ፈይሰል። ማሽላዬን ላጠጣ ነዋ! ኮሌጅ የገባ ሰው አካፋ አያውቅም?»

«አካፋውንስ አውቀዋለሁ። ክትሩንም አውቀዋለሁ፤ አፈሩን አብረን ተሸክመናል።»

«ስትቀይሱት ግን ማን ጠየቀኝ? እኔን ያሳደገኝ ይህ ጎርፍ ነው። ደለል ካላመጣ መሬቴ የሚያበቅለው ማሽላ ሳይሆን አቧራ ነው።»

እውነታቸውን ነው። በኮሌጅ የተማርኩት የአፈርና ውሃ ጥበቃ ነው፤ ያለ ደለል ቆላ እንደማይጠግብ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ የጋሼ ጀይላን ማሳ አስረድቶኛል። ይህንኑ አልኳቸውና ጨመርኩ።

«ሆኖም አምና በሸነቆሩት በኩል የገባው ጎርፍ ማሽላው ላይ መች ቆመ? ሐቢባ ቤት ገብቶ ድስቷን ይዞባት ሄደ።»

ሐቢባ ልጃቸው ናት፤ ከማሳቸው ግርጌ ከልጆቿ ጋር ትኖራለች።

«እሱማ የአላህ ቀደር ነው።»

«ቀደር አካፋ ይይዛል እንዴ፣ ጋሼ?»

ሳቃቸውን ለመደበቅ ላባቸውን ጠረጉ። «ደግሞስ እርዳታ መጥቶላት የለ? ብርድ ልብስ ሰጥተዋታል።»

«በዚህ ሙቀት!»

«ለእኔም ደርሶኝ ነበር። አንድ ሌሊት ብለብሰው፣ ከጎርፍ ተርፌ በብርድ ልብስ ላልቅ!»

«ክትሩ ከተከፈተ ዘንድሮም የሚመጣልን ያው ነው።»

«ዛሬ ጎርፍ የለም። ሰማዩን እየው፤ የተወለወለ ትሪ ነው።»

«የእኛን ሰማይ ይተዉትና ጎርፉ የሚወርድበትን የደብረ ሲናን ደጋ ይመልከቱ፤ ጠቁሯል። ለመሆኑ አህያዋን ጉብታው ላይ ለምን አሰሯት?»

«እንዴ! ጎርፍ ቢመጣስ?» አሉና አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

«ለአህያዋ አስበውላታል» አልኩ ቀስ ብዬ። «ለሐቢባስ?»

ጋሼ ጀይላን ወደ ደጋው፣ ቀጥሎም ወደ ልጃቸው ቤት አዩ። ከዚያ የቆፈሩትን አፈር መመለስ ጀመሩ። አፈሩ ግን ልል ነበርና ይንሸራተታል። በዚህ መሃል ሐቢባ ሁለት ብርድ ልብስ ተሸክማ እየሮጠች መጣች።

«አባባ፣ የአካፋዎን ድምፅ ከቤቴ ሰምቼዋለሁ! አምና የሰጡንን ጆንያ አድርጌ ሰፍቼዋለሁ። ሰው ካልለበሰው ወንዝ ይልበሰው!»

ጆንያዎቹን አፈር ሞልተን ሽንቁሩን ደፈንን። ሳንተነፍስ ወንዙ እያጓራ ደረሰ፤ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ክትሩን ላሰና አለፈ። ሐቢባ ቤት አንዲት ጠብታ አልገባም።

ጋሼ ጀይላን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ወንዝ ያን ሁሉ ዘመን የጮኸው በርዶት ኖሯል!»

ማሽላው ግን እንደ ጠማው ነበርና በደቦ መፍትሔ አበጀንለት። ከላይ በኩል ጠባብ መግቢያ በድንጋይ ገንብተን የሚነሳ ሳንቃ ገጠምንለት። አሁን ውሃው ረጋ ብሎ ይገባል፤ ደለሉን ማሳው ላይ ይጥላል፤ ትርፉም በቦይ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ጎርፍን ማሰር ብቻ ማሳ ያስርባል፤ መልቀቅ ብቻም ቤት ያፈርሳል። በር ካበጁለት ግን እንደ እንግዳ ገብቶ እንደ እንግዳ ይወጣል። እርዳታ የሚያከፋፍሉ ሰዎች ሲመጡም ጋሼ ጀይላን ቀድመው ተናገሩ፦ «ብርድ ልብሱን ለደገኛ ስጡልን፤ ለእኛ ድንጋይና ሽቦ ከጎርፉ በፊት አምጡልን!»

ሳንቃውን ማን ይክፈት የሚለው ሲያከራክረንም ፍርዱን የሰጡት እሳቸው ናቸው። «ከታች ያለ ሰው ይያዘው፤ ውሃ ቢገባ የሚረጥበው እሱ ነው።» ስለዚህ ሳንቃው በሐቢባ እጅ ነው።

«ልጄ፣ ዛሬ ላስገባ?» ይሏታል።

እሷም ደጋውን አይታ፣ «ዛሬ አይሆንም፣ አባባ» ትላለች።

ጋሼ ጀይላን ያጉረመርማሉ፤ ይታዘዛሉም። አህያዋም ጉብታ መውጣት ትታለች፤ ክረምቱን የምታድረው ሐቢባ ደጃፍ ነው።