ያላየሁት ዙር

እዚሁ ላሊበላ፣ ጎረቤቴን እማማ ደስታን ዋሽቻቸዋለሁ። ልጃቸው ውጭ አገር ስትሮጥ፣ ዲሽ ያለው ቤት «እኛ የምንከፍለው ለኳስ ነው» ብሎ ስለመለሳቸው፣ ውድድሩን በስልኬ ከኢንተርኔት ከፈትኩላቸው። ማየት ፈርተው በነጠላቸው ተሸፈኑ፤ እኔ እያየሁ እነግራቸዋለሁ። በመጨረሻው ዙር ልጅቷ አራተኛ እንደሆነች ምስሉ ቀጥ አለ።

«የት ደረሰች ልጄ?»

«ቆመብኝ» ማለት ጨነቀኝና፣ «በውስጥ በኩል አለፈቻቸው» አልኳቸው። እልልታቸው ሰፈሩን ሰበሰበው። ኔትወርኩ ሲመለስ ልጅቷ አንደኛ ወጥታ፣ ባንዲራ ለብሳ ሜዳውን ትዞራለች። እኔም ከሁሉም በላይ ጮኬ እልል አልኩ።

አገር ቤት ስትመጣ ታዲያ፣ «ኧረ በውጭ በኩል ነው ያለፍኳቸው» አለች።

እናቷ ወደ እኔ እየጠቆሙ ተቆጡ። «ዝም በይ፤ አንቺ ሮጥሽ እንጂ መቼ አየሽ? ያየችው እሷ ናት።»

እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርኳቸውም። እናንተ ይቅር በሉኝ።