ጫካ አጽጂው ጎረቤት

ኢሽቤል፣ ነዪ እዚህ ተቀመጪ፤ ለምድጃው ቅርብ ነው። ቦሎቄውን ቀመስሽው? ዘንድሮ ማጣፈጫውን ሞላሰስ አልሰሰቱም። የቤተ ክርስቲያን እራት እንዲህ ሞቅ ሲል ደስ ይላል... ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ባልሽ ሄክተር ካረፈ ወዲህ ያን ሁሉ ማገዶ ብቻሽን... ኧረ እንኳን ጎረቤት ኖረሽ።

መቼም ጎረቤት ስል ማንን እንደሆነ አልጠራም። ስም መጥራት ምን ያደርጋል? ከኋላችን፣ ኬኩ ጠረጴዛ ጋ ቆሞ ሻይ የሚያማስለውም ጎረቤት ነው... ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አይቀርም፣ ሲያማስል ቆየ።

ጫካሽን ለአራዊት የተመቸ ላድርግልሽ አለሽ አሉ። ዛሬ ከእራት በኋላ መልስ ትሰጪዋለሽ አሉ። ደግ አይደል? እኔማ የራሱን ጫካ ካየሁ ወዲህ ደግነቱን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። እንዴት ያለ ንጹሕ ሰው ነው! ቆሞ የደረቀውን ግንድ ሁሉ ጣለ፣ የወደቀውን ፈልጦ ወሰደ፣ የቅርንጫፉን ክምር አቃጠለ። ጥንቸሎቹ እዚያ ክምር ሥር ይከርሙ ነበር... ግን ጥንቸል ምን ታውቃለች? ንጽሕና አልለመደችም። ግንደ ቆርቁሩም ቢሆን የበሰበሰ ግንድ ሲቆረቁር ውሎ ሥራ ያለው ይመስለው ነበር። አሁን አረፈ።

ከዚያ አረንጓዴ የተቀቡ የወፍ ሳጥኖች ሰቀለ። መግቢያው ላይም "የአራዊት መኖሪያ" የሚል ሰሌዳ አቆመ። አራዊቱ ማንበብ ባይችሉ ነው እንጂ... የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልልም። እሱ ብብቱንም አጽድቷል።

ጉጉቷን ታስታውሻለሽ አይደል? መጋቢት ላይ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ወሰናችሁ ላይ ከነበረው አሮጌ የሜፕል ዛፍ ሆድ ውስጥ እየጮኸች ሄክተርን በካልሲው ደጅ የምታስወጣውን? "ይሄ ዛፍ ጫፉ ከደረቀ ወዲህ ነው ሰው የሆነው" ይል ነበር ነፍሱን ይማረውና። ደርቆም፣ ተቦርቡሮም ስንቱን አሳደረ። የወሰኑን ቀይ ቀለም እዚያው ላይ የቀባውም ማንም አይነካውም ብሎ ነበር። እኛ ዘንድ ቀይ የተቀባ የወሰን ዛፍ ማን ይነካል? ጎረቤትሽ ግን ቀለሙ ቆሻሻ መስሎት ይሆናል፤ ባለፈው መኸር አጸዳው። ዛፉ ሄደ፣ ጉጉቷ ሄደች፣ ወሰኑም... ወሰኑ እንኳ አልሄደም፤ ወደ አንቺ ትንሽ ጠጋ አለ እንጂ። ብቸኝነትሽን አይቶ ይሆናል።

ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል ሰምተሻል። አንቺ ሞኝ አይደለሽም፣ እግዜር ያውቃል። እሱም ሞፈር ፈላጊ አይደለም... ደጁን ነው።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? የሞራግ ምላስ ከመጋዝ ይብሳል ይሉኛል። እኔ እኮ እያመሰገንኩ ነው። ወይ ቅናት ይዞኝ ይሆናል፤ የኔ ጫካ ቆሻሻ ነዋ። የወደቀው እንደወደቀ፣ የደረቀው እንደቆመ... ጉጉቷ ምን ታይቷት እንደሆነ እንጃ፣ እኔ ጋ ገባች። ባለጌ ወፍ! ያ ሁሉ ሳጥን ተሰቅሎላት።

ልጁንስ አየሽው? ያ መጋዙ ላይ ቤንዚን የሚሞላለት ጎረምሳ? ቁርጥ አባቱን። ያረጀ ነገር ዓይኑ አይወድም። አባቱ ያንን ሜፕል ሲጥል አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ደህና አድርጎ ተምሯል።

በይ፣ ሻዩን ይዞ መጣ፤ መልስሽን ሊሰማ መሰለኝ። እኔ ልነሳላችሁ። ከመነሳቴ በፊት ግን ልመርቀው፤ ይገባዋል። እግዜር ዕድሜ ይስጠው። እንደ ሄክተር ሜፕል ጫፉ እስኪደርቅ፣ ሆዱ እስኪቦረቦር ያኑረው። ያን ጊዜም... እንደራሱ ንጽሕና የሚወድ ልጅ ከአጠገቡ አያሳጣው።