የጋሽ ተሰማ ጥቅሻ

«ሳትጠቅሰን አጠፋህብን! ይኸው እጄ!» አክስቴ በጨርቅ የታሰረ እጇን ጋሽ ተሰማ ፊት ላይ ትወዘውዛለች። ትናንት ማታ የፈላ ወጥ ስታወርድ ነበር መብራቱ የጠፋባት።

የደብረ ብርሃንን መብራት ሲመሽ የሚያበራው፣ ምሽቱ ሲገፋም የሚያጠፋው ጋሽ ተሰማ ነበር። ከማጥፋቱ በፊት የመብራቱ ጄኔሬተር ካለበት ሞተር ቤት ሆኖ ብልጭ ድርግም ያደርግልናል፤ እኛ ጥቅሻ እንለዋለን። ያኔ አንዱ ጉርሻውን ይውጣል፣ ሌላው ኩራዙን ይለኩሳል፣ እኔም ደብተሬን አጥፌ ብርድ ልብሴ ውስጥ እገባለሁ። ዛሬም ማታ ማታ ዓይኔ አምፖሉ ላይ ነው።

«እኔ አይደለሁም እኮ፣ እትዬ ዘነበች» አላት። «ለሞተሩ አውቶማቲክ ሰዓት ገጥመውለታል። ራሱ ያበራል፣ ራሱ ያጠፋል፤ መጥቀስ ግን አያውቅም። እኔንም ቤቴ ራት ላይ፣ ጉርሻ በአፌ እንደያዝኩ አጨለመብኝ!»

አክስቴ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ድንገት ግን እሷ ሳቋን አቆመች።

«ቆይ፣ ተሰማ፣ አንተ በዚያ ሰዓት ሞተር ቤት አይደለህም እንዴ? ቤትህ ምን ትሠራ ነበር?» አለችው ቀስ ብላ።

ጋሽ ተሰማ ኮፍያውን አስተካከለ። የታሰረውን እጇን አንድ ጊዜ አየና «ከትናንት ጀምሮ ሞተር ቤቱ ሰው አያስፈልገውም ተብሏል» ብሎ ሄደ።