የቀረችኝ አንድ ዲቪዲ

መካኒሳ አቦ ያለችውን የኮምፒውተር ጥገና ሱቄን ከጎረቤቴ ብየዳ ቤት የሚለያት ቆርቆሮ ብቻ ነው። በያጁ ጋሽ ሸምሱ የልጃቸውን አሮጌ ኮምፒውተር ፎርማት እንዳደርግላቸው ሰጥተውኛል፤ ልጅቷ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጨርሰው በሱ ነው። ታዲያ ኮምፒውተሩ ፍላሽ አይቀበልም፣ የዊንዶውስ ዲቪዲ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ዊንዶውሱን የምገለብጥበት ዲቪዲ ሁሉ ሊያልቅ ሲል አምፖሌ ድንግዝ ይልና ይከሽፍብኛል። ፍጥነቱን ብቀንስ፣ ፋይሉን እንደገና ባወርድ፣ ወይ ፍንክች!

የቀረችኝን አንድ ባዶ ዲቪዲ ከትቼ ስጀምር ጋሽ ሸምሱ ጥቁር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብቅ አሉ። «አላለቀም እንዴ ልጄ?» ወሬ ስንይዝ ዲቪዲዋ ሰተት ብላ ትሄዳለች። «በል፣ የጀመርኩት በር አለ» ብለው ሲነሱ ነው የባነንኩት። ለካ አምፖሌ ድንግዝ የሚለው እሳቸው በበየዱ ቁጥር ነው! «ጋሼ፣ በሞቴ አይሂዱ! ኃይሉን እየሳበ ዲቪዲውን የሚያበላሸው የእርስዎ ብየዳ ነው።» ደንግጠው ተቀመጡ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። የከሸፉት ዲቪዲዎች ላይ ያረፈችው ፀሐይ ግድግዳው ላይ ቀስተ ደመና ሆና ትዋልላለች፤ ሁለታችንም እሷን እያየን ሕልም ውስጥ እንዳለ ሰው ፈዘዝን። ዲቪዲዋ ሳትከሽፍ ወጣች። ጋሽ ሸምሱ የጠቆረ እጃቸውን እያገላበጡ፣ «ቀኑን ሙሉ የበየድኩት እኮ ለዚችው ልጅ ብዬ ነው» አሉ።